ለምርቃት የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች

እጄ ከአፌ ይቀድማል። እናቴ «ይቺ ልጅ ሳትጠየቅ ትሠራለች፣ ስትጠየቅ ትቆጣለች» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ጀርመን አገር ጋሉስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከትራም መቆሚያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት የልብስ ማስተካከያ ሱቅ የሙከራ ጊዜዬን፣ እዚህ ፕሮቤጻይት የሚሉትን፣ ስጀምርም ይኸው ጠባዬ አብሮኝ ገባ።

የሱቁ ባለቤት ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እዚህ መጥተው ጉልበታቸውን በኬሚካል ፋብሪካ ከጨረሱ በኋላ፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ መቀሳቸው ተመለሱ። በየጠዋቱ ዚንድሊንገን ከሚባል ሰፈር በኤስ-ባን ባቡር ይመጣሉ። አማርኛቸው የትምህርት ቤት ነው፣ ጥርት ያለ፤ ሆድ ሲብሳቸው ብቻ ትግርኛው ይገባበታል። የመጀመሪያ ቀን ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «እዚህ ቤት ደንበኛው ያላዘዘውን ክር አንጎትትም።» እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

አንድ ሰኞ ከፔሩ የመጣች ነርስ ገባች። ከከረጢቷ እንደ ነጠላ ትከሻ ላይ የሚጣል ቀይ የሱፍ ልብስ አወጣች። የሴት አያቷ ነበር። ልጇ ዓርብ ዕለት ማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ፊርማ አላት፤ እናት ይህን ለብሳ እንድትፈርም ትለምናለች፣ ልጅ ደግሞ የአሮጊት ልብስ አልለብስም ብላለች። ምናልባት ጠርዙ ቢያምር ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብላ፣ የተተረተረውን ጠርዝ ብቻ እንድሰፋ አዘዘችኝ። ስለ ልብሱ ሌላም ነገር ጀምራልኝ ነበር። ግን የሁለታችንም ጀርመንኛ ስብርብር ያለ ነው፣ ኋላዋም ሱሪ የያዘ ሰው ቆሟል፤ በግማሽ ጆሮ ሰማኋት።

ማክሰኞ ጠርዙን ጨርሼ ልብሱን ስዘረጋው ደረቱ ላይ አምስት ቀዳዳ አየሁ። እያንዳንዱ እርሳስ ያሳልፋል። ልጅቷን ያስጠላት ይህ ነው አልኩ በልቤ፤ ሙሽራ በተበሳ ልብስ፣ ሰው ምን ይላል? ለደንበኛ ምርቃት መጨመር ደግሞ ከልጅነቴ ያየሁት ነው። ቲማቲም ሻጭ እንኳ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ አንድ ፍሬ ጣል ታደርጋለች። ሽማግሌው ያን ቀን ሐኪም ቤት ነበሩ። ከውስጠኛው ጠርዝ የልብሱን የራሱን ክር መዘዝኩና፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፍኩ አምስቱንም ደፈንኳቸው። ስጨርስ የት እንደነበሩ ለራሴም ጠፋኝ። በእጄ ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ?

ረቡዕ ነርሷ መጣች። ጠርዙን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ ጣቷ ወደ ደረቱ ሄደ፤ ዳበሰች፤ ገለበጠችው፤ እንደገና ዳበሰች።

«የት ሄዱ?» አለች።

እኔ ጅሏ ጥርሴን ፍልቅቅ አድርጌ «ሁሉንም ዘጋኋቸው፤ ስጦታ ነው» አልኳት። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

በግማሽ ጆሮ የሰማሁትን ያን ጊዜ ሙሉውን ሰማሁ። ከቦርሳዋ የብር ስፒል አወጣች፤ ርዝመቱ እንደ ወስፌ፣ ራሱ እንደ ማንኪያ ሰፊ። በኢንካዎች ዘመን የነገሥታቱ ቤት ሴቶች ልብሳቸውን ደረታቸው ላይ የሚይዙት በእንዲህ ያለ ስፒል ነበር። ስፔኖቹ አገሩን ሲይዙ እነዚያን ሴቶች ተከፋፈሏቸው፤ አጥምቀውም አዲስ ስም አወጡላቸው። የንጉሥ ልጅ ወስዶ፣ ልጆች ከወለደችለት በኋላ የራሱን አገር ሴት ማግባት ሲያምረው እሷን ለሌላ ሰው የዳረም የጦር አለቃ ነበር። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ሰውየው አጠገቤ የቆመ ይመስል መቀሱን ጨበጥኩ። ሴቶቹ ግን ዝም ብለው አልቀሩም። በአስተርጓሚ እየተናገሩ ጸሐፊ ፊት ኑዛዜ ያስጻፉ ብዙ ናቸው፦ ይህ ልብስ ለልጄ፣ ይህ ስፒል ለልጅ ልጄ። ስማቸው ተለውጦም ስፒሉን ከደረታቸው ያልነቀሉ ነበሩ።

የነርሷ ቤተሰብ ከነዚያ ሴቶች ከአንዷ እንደሚወለድ ይነገራል። «ወረቀት የለንም» አለችኝ፤ «ያለን ስፒሉ ነው። ልብስ ያልቃል፣ እሱ አዲስ ልብስ ይበሳል። ይህን ልብስ አያቴ ደጋግማ በስታዋለች፣ እናቴ በስታዋለች፣ እኔም በሠርጌ ቀን በስቼዋለሁ።»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ሽማግሌው ከመተኮሻው ጠረጴዛ ኋላ ሁሉን ሰምተዋል። «ጓለይ፣ ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው።»

«አባባ፣ አንቱም ይቆጡኝ። ፕሮቤጻይቴም እዚሁ ላይ ያብቃ» አልኳቸው።

«ያንቺን ፕሮቤጻይት ማን ጠየቀ? ቁጭ በዪና ፍቺው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ደፍኖ መፍታት ከመድፈን ይብሳል፤ ያረጀ ሱፍ ትንሽ ሲጎተት ይበጠሳል። እስከ ሐሙስ ከሰዓት አራቱን ከፈትኩ። አምስተኛው፣ ትልቁ፣ አልከፈት አለ። መርፌ ባስገባሁ ቁጥር ዙሪያው ይሳሳል። ፈራሁና ተውኩት።

ሐሙስ እናትና ልጅ አብረው መጡ። እናት በስፓኒሽ ትናገራለች፣ እዚሁ የተወለደችው ልጅ በጀርመንኛ ትመልሳለች። ልጅቷ ፊቷ እንደተቋጠረ ነው። አምስተኛውን ቦታ አሳየኋቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቀዳዳዎቹን አየች። የተበሳ ልብስ መሆኑን እንጂ ማን እንደበሳው ጠይቃ አታውቅም ነበር። «ይህ የማን ነው?» አለች። እናቷ ነገረቻት። «ይህስ?» ነገረቻት። በመጨረሻ የደፈንኩት ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይህኛውስ?»

«የአያቴ ነበር» አለች እናትየዋ። በአገጯም ወደ እኔ አመለከተች። «አሁን የእሷም ነው።» ሽማግሌው ሳቁ፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ልጅቷ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣለችና ስፒሉን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ትከሻዋ ከእናቷ ይሰፋል፤ ስፒሉ ከቀዳዳዎቹ በአንዱም ላይ አላረፈም፤ ምንም ያልነካው ቦታ ላይ ቆመ። እናትየዋ ትንፋሿን ያዘች። እኔም ያዝኩ። ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻትና ወጋችው። ጨርቁ ጠስ ሲል ተሰማኝ።

እንጀራዬ ቀዳዳ መድፈን ነው። ያን ቀን ግን ሽማግሌው እስኪደነግጡ፣ ውጭ ትራም የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው እስኪያዩን ድረስ እልል አልኩ። እናትየዋም እንዴት እንደሚባል ሳታውቅ፣ አፏ ላይ እንደመጣላት ተከተለችኝ።