ሄስተር የወለወለችው ዋንጫ

ሄስተር ኮብ በሕይወቷ አምርራ የጠላችው አንድ ዕቃ ነበር፤ እሱንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በገዛ እጇ ስትወለውል ኖረች። ነገሩን ከሥሩ የማውቀው እኔ ነኝ። ዶክ ብለን በምንጠራት የእንግሊዝ ወደብ፣ ፕሊመዝ ዶክ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር፣ እኔ ሰርዲን ስሸጥ እሷ የሰው ቤት ስታጸዳ፣ የሆዷን የምትነግረው ለእኔ ነበር። ጥሩ ምክር ሰጥቻታለሁ አልልም።

ሄስተር ልጅነቷን የጨረሰችው ለንደን፣ አንድ የብር አንጥረኛ ቤት ነው። እዚያ ወንዶቹ ብሩን ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ በለሰለሰ የብረት ዘንግ እያሹ ያበሩታል። ማንበብ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። ብር ግን ታውቅ ነበር። የብር ማንኪያ ስታገኝ አፏን ከፍታ ትተነፍስበታለች። ጭጋጉ ሲያርፍበት የተጠገነው፣ የተፋቀው ሁሉ ለአፍታ ብቅ ይላል። «ብርን የሚያናዝዙት እንዲህ ነው» ትለኝ ነበር።

ባሏ ጄቤዝ የባሕር ኃይል መኮንን የሆነው የመቶ አለቃ ላስኮም ጀልባ መሪ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በጀልባ ሄደው አንዲት የፈረንሳይ መርከብ ከምሽግ ሥር ማረኩ። መርከቧ ወደባችን ገባች፣ ላስኮም የቆሰለ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ገባ፣ ጄቤዝን ግን ባሕር ውስጥ ቀብረውት መጡ። ለሄስተር የደረሳት የልብሱ ከረጢት ብቻ ነው።

በዓመቱ የለንደን ነጋዴዎች ለላስኮም የጀግንነት ሽልማት ላኩለት፤ ባለ ሁለት እጀታ ትልቅ የብር ዋንጫ። ክዳኑ ላይ አንበሳ ቆሟል፣ ጎኑ ላይ አንድ ጡንቸኛ ሰው ብዙ ራስ ካለው እባብ ጋር ይታገላል፣ በሌላው ጎን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ሳጥኑ በሚከፈትበት ቀን ሚስቱ ወይዘሮ ላስኮም ሄስተርን አስጠራቻት። ሄስተር እኔ ቤት ተቀምጣ የዓሣ ራስ ትቆርጥ ነበር።

«ልሂድ እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ልትሠሪ? ባልሽን ገብረሽ ደግሞ ልታጨበጭቢላቸው?»

አልሄደችም። የዚያን ቀን የቆረጠችውን ዓሣ ብታዩት፣ ራሱን ከግማሽ ሥጋው ጋር ነው የጣለችው።

ቅናት ያንገበግባል። እሷን ያቃጠላት ብሩ አልነበረም፤ የሰውዬው ስም በደማቁ ተጽፎ፣ የጄቤዝ ስም እንኳን ብር ላይ የመቃብር ድንጋይ ላይም አለመኖሩ ነው። እሑድ እሑድ ወይዘሮ ላስኮም መስኮቷን ከፍታ ዋንጫውን ጠረጴዛ ላይ ስታቆም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። ሄስተር በማዶ በኩል ዞራ ትሄድ ነበር። እኔም አብሬያት እዞራለሁ፤ እውነቱን ልናገርና ያ መስኮት እኔንም ያናድደኝ ነበር።

ስለዚህ ወይዘሮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋንጫውን እንድትወለውልላት ስትጠይቃት፣ ሄስተር እሺ ማለቷ ገረመኝ። ክፍያም አልፈለገች።

«አብደሻል?»

«ዝም በይ። ስታሳየኝ አየሁት፤ ከጽሑፉ ሥር አንዲት ቀጭን መስመር አለች። ሠራተኞቻቸው እንደሚሉት እንግዳ በመጣ ቁጥር ላስኮም ጣቱን እሷ ላይ ያሳርፍና እንባው ይመጣል። ስሙ ናት።»

«የራሱን ስም እያየ ያለቅሳል?»

«መኮንን አይደል! ሌሎቹ መስመሮች ጥልቅ ናቸው፤ ይቺን ግን ሰነፍ እጅ ነው የቀረጻት። ዘንጌን ይዤ እሄዳለሁ። ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሳልሞት አጠፋዋለሁ።»

እኔ ደግሞ ልመልሳት ሲገባኝ «እጅሽን ይባርከው!» አልኳት።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዘንጓን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች። «ወይዘሮ ላስኮም ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ካንቺ የተሻለ ማን ይወለውለዋል፣ ያንቺም እኮ ነው!› ባሌን በልተው ያፌዙብኛል!» በሚቀጥለው ቅዳሜ እስኪያልባት አሸችው።

እንዲህ እያለች አረጀች። ሰላም ወረደ፣ ላስኮምም ጡረታ ወጥቶ ከሚስቱ ጋር ባዝ ወደምትባል ከተማ ሊሄዱ ተነሡ። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ዕቃ በማሰር ላግዝ እኔም አብሬያት ሄድኩ። መንገድ ላይ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «አልቋል። ጣቴ አሁን ምንም አያገኝም» አለችኝ። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ወይዘሮ ላስኮም ዋንጫውን ወደ ብርሃን አዙራ የሄስተርን እጅ ያዘች። «ሳንለያይ አንዴ ንኪው። ቢጠፋም ቦታው ይኸው ነው።» ጣቷን ወስዳ ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈችው።

«የምን ቦታ፣ እመቤቴ?»

«የጄቤዝሽ ነዋ። ‹ጄቤዝ ኮብ፣ ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ ገባ፣ እዚያው ወደቀ።› ለንደኖቹ የሚጽፉት የመኮንን ስም ብቻ ነው። ባለቤቴ ‹ያለ እሱ ስም ቤቴ አይገባም› ብሎ እዚሁ ዶክ አስቀረጸው። ሳጥኑ የተከፈተ ቀን ሊያነብልሽ ነበር ያስጠራሽ፤ ስትቀሪ ኀዘኑ ከብዷት ነው አልን። በኋላማ ይህን ያህል ስትንከባከቢው፣ ማን እንዳነበበልሽ እንኳ አልጠየቅሁም።»

«የመቶ አለቃው ስምስ?»

«ያውልሽ፣ ከላይ፣ በትልቁ።»

የላስኮም ስም ከላይ ቁጭ ብሏል። በአሥራ አንድ ዓመት የሄስተር ውልወላ ከአዲስ ይልቅ ያበራል።

«የጄቤዝ ስም እየሳሳ ሲሄድ አይቻለሁ» አለች ወይዘሮዋ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ባለቤቴ ሊያስቆምሽ ሲል ‹ተዋት፣ ስሙን መሳሟ ነው› አልኩት።»

ዕቃ የምጠቀልልበትን ገለባ ወለሉ ላይ ጣልኩት። ያኔ እንዳትሄድ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ሄስተር ዋንጫውን በሁለት እጇ አቀፈችና አፏን ከፍታ ተነፈሰችበት። ጭጋጉ ባዶው ቦታ ላይ አረፈ፤ ቀጫጭን ፊደላት ተደርድረው ብቅ አሉ።

«የቱ ነው ጄቤዝ?» አለች።

ወይዘሮ ላስኮም ልታሳያት ጣቷን ስትዘረጋ ጭጋጉ ለቀቀ፣ ፊደላቱም ጠፉ። ጋሪው በር ላይ ቆሞ ነጂው «እንሂድ እንጂ!» ይላል። ሄስተር እንደገና ተነፈሰች።