ወለል ላይ የተሰመረው ገዳም

ባለፈው ሳምንት አምስተርዳም የተከራየሁትን ቤት የቀቡት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፣ ወለሉ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ሰማያዊ የቀለም መከለያ ፕላስተር ረስተዋል። ልልጠው ጎንበስ አልኩና ተውኩት። ሻዬን ይዤ አጠገቡ ስቀመጥ፣ ሮተርዳም ዙይድ ከእናቴ ጋር እኖር በነበረበት ጊዜ ያሳለፍኩት አንድ የጾም ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

ያኔ አርኪዮሎጂ እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ በሰሜን ፓኪስታን ተራሮች ግርጌ በሚገኝ አንድ ጥንታዊ የቡድሃ ገዳም ፍርስራሽ ላይ ነበር። ቦታውን አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው በፎቶና በቁፋሮ ንድፍ ብቻ ነበር። ከገዳሙ የተረፉት የመነኮሳቱ ክፍሎች መሠረትና ስቱፓዎቹ ናቸው። ስቱፓ ትልቅ ጉልላት የመሰለ ክብ ግንብ ነው። ውስጡ ድፍን ነው፤ ድንጋይና አፈር። መካከሉ ላይ የቅዱስ ሰው አፅም ይቀበርበታል።

ይህን ሁሉ መጻፍ አልከበደኝም። የከበደኝ መናገሩ ነበር። ጽሑፌን ለማቅረብ መምህራኑ ፊት ስቆም አንዷ፣ ስቱፓው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። መልሱን እያወቅሁት ድምፄ ጠፋ። ጥቂት ጠበቁኝና ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና እንድሞክር በደግነት ነገሩኝ። ያኛውም ካልተሳካ አልመረቅም ነበር።

እናቴ ነገሩን ለቤተሰብ ወዳጃችን ለጋሼ ተስፋይ አወራችላቸው። ጋሼ ተስፋይ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሠሩ ተምረውታል። ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕድሜያቸውን ፈጅተው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ የሚገኘውን የሰፈራቸውን አዳራሽ ቁልፍ ይይዙ ነበር። ንድፉን በስልኬ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ አዩት። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ከመድረሱ በፊት ቦታው ወለል ላይ በፕላስተር ይሰመራል አሉኝ።

«በወረቀት ያለ ነገር አፍ ላይ አይመጣም፣ ጓለይ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወለል ላይ እናውርደው።»

ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ዴን ሃግ ገባሁ፤ ከዚያ በትራም ሙርዋይክ። ነፋሱ ዝናቡን ከጎን ያመጣው ስለነበር ጃንጥላዬ አልጠቀመኝም። አዳራሹ ውስጥ እሳቸው ሜትሩን ይዘው፣ እኔ ተንበርክኬ፣ አምስት የመነኩሴ ክፍሎችና አንዲት ትንሽ ስቱፓ በእውነተኛ ልካቸው አሰመርን። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ መሃሉ ቆመው ዙሪያቸውን ቃኙ።

«የኔ ማድ ቤት ከዚህ ይጠባል» አሉ። «መነኮሳቱ ቤት ለማግኘት ስንት ዓመት ተራ ጠበቁ?»

እኩለ ቀን ላይ እናቴ ቢሮ ስታጸዳ አርፍዳ መጣች። በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ፓታት፣ የድንች ጥብስ፣ ይዛለች፤ ጾም ነውና ያለ ማዮኔዝ። ጠረጴዛው አዳራሹ መጨረሻ ላይ ነበር፤ አቋራጩ መንገድ በክቡ መሃል ያልፋል። እናቴ መስመሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ፓታቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተጠግታ መዞር ጀመረች።

ጋሼ ተስፋይ ሳቁ። «አልማዝ፣ ፕላስተር እኮ ነው። በመሃል እለፊ።»

«የእኛ ባይሆንም ሰው የጸለየበት ነው» አለች። «አይረገጥም።»

እኔ ተንበርክኬ እንዳለሁ ቀረሁ። ስቱፓ በር የለውም፤ ማንም አይገባበትም። ሊሳለም የመጣ ሰው ይዞረዋል። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት አንብቤያለሁ፤ እናቴ ማንም ሳይነግራት አደረገችው። አንድ ነገር ብቻ ተሳስታለች።

«እማዬ፣ በግራሽ አደረግሽው። በቀኝሽ በኩል ሆኖ ነው የሚዞረው።»

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» ብላ ተመለሰች። ተነስቼ አጠገቧ መራመድ ጀመርኩ። «ውስጡስ ምን አለ?» አለችኝ።

ያው ጥያቄ ነበር። ዓይኖቼ መንገዳችን ላይ እንጂ ፊቷ ላይ አልነበሩም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ቃሉ የመጣልኝ። ስለ አፅሙ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ገዳሙን በስጦታቸው ስላቆዩት ነጋዴዎች ነገርኳት። ሦስት ጊዜ ዞርን። ፓታቱ ቀዘቀዘ። ስሄድ ጋሼ ተስፋይ የተረፈውን ፕላስተር ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ።

የፈተናው ቀን ቀድሜ ገብቼ ጠረጴዛዎቹን ገፋሁና ክቡን አሰመርኩ። መምህራኑን ከወንበራቸው እንዲነሱልኝ ለመንኳቸው። ያቺ የጠየቀችኝ መምህርት ወደ መሃሉ እግሯን ስታነሳ፣ «እዚያ አይገባም፤ አብረን እንዙር» አልኳት። ድምፄ አልጠፋም። ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ጥያቄዋን ደገመችልኝ። መለስኩላት። ፈተናውን አለፍኩ።

ዓይናፋርነቴ ዛሬም አለ። ሰው ፊት ለፊት ቆሜ መናገር አሁንም ይከብደኛል። ግን ከሰው ጋር ጎን ለጎን እየሄዱም መናገር እንደሚቻል ካወቅሁ ወዲህ ያን ያህል አልፈራውም። በመጪው መኸር ከቁፋሮ ቡድን ጋር ወደዚያው ገዳም ልሄድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ትናንት እናቴ ደውላ ጥሩ ጫማ እንድገዛ አዘዘችኝ።

«ስትደርሺ አንዱን ዙር ለእኔ ዙሪልኝ» አለች። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊትም፣ «በቀኝ» አለችኝ።

ፕላስተሩን እስካሁን አልላጥኩትም። ወደ ማድ ቤት ስሄድ ዞሬው አልፋለሁ።