በመኪና የተሰፋ ጥሩር

ሉድካ ያን ዓርብ ወደ ግንቡ የወጣችው ልትለማመጥ አልነበረም። እሳት ጎርሳ፣ እሳት ለብሳ ነው የወጣችው። በክንዷ ያቀፈችው፣ ልጇ ዳግማራ ነገ ለግጥሚያ እንድትለብሰው ክረምቱን ሙሉ የሰፋችላትን የጨርቅ ጥሩር ነበር። የልብስ መርማሪው አቶ ቪቶልድ ትናንት አገላብጦ አይቶት «አይሆንም» ብሎ መልሶታል። ያ አልበቃ ብሎት ደግሞ በምትኩ ራሱ የመረጠውን ልብስ ለልጅቷ ሰጥቷታል። ሉድካ ይህን የሰማችው ከጎረቤት ነው።

በዚያች በቪስዋ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ፣ በጋ በገባ ቁጥር ወንዱ ሁሉ፣ ከሴቱም ጥቂቱ፣ የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት የነበሩ አያቶቹን ልብስ ለብሶ ሰይፍ ይማዘዛል። በከተማዋ አሮጌ ግንብ ውስጥ አምስት ለአምስት ሆነው ይገጥማሉ። ሰይፉ ስለት የለውም፤ ብረትነቱ ግን የት ይሄዳል? ጎን ላይ ካረፈ አጥንት ይሰብራል። ያኔ ሰውን የሚያድነው ከላይ የሚያብረቀርቀው ነገር ሳይሆን ከሥር የሚለበሰው ወፍራም የጨርቅ ጥሩር ነው።

ጨርቅን ሉድካ ታውቀዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት በወታደር ካፖርት ፋብሪካ ውስጥ ባዘቶ እየደለደለች በመስመር በመስመር ሰፍታለች። አንድ የጥር ጠዋት የስፌት መኪናው መርፌ ቀኝ አመልካች ጣቷን በስቶ አለፈ፤ ጣቱ ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ፋብሪካው የተዘጋ ቀን ዲሬክተሩ ሴቶቹን ግቢ ውስጥ አቁሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ መጪው ብሩህ ዘመን አወራቸው። ላፍ ዳገት የለውም። ባሏም ሥራ ፍለጋ ጀርመን አገር ሄዶ በዚያው ቀረ። እሷ ከፋብሪካው የተጣለ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና በጋሪ ጎትታ አራተኛ ፎቅ አወጣችና ለግንቡ ተዋጊዎች መስፋት ያዘች።

ደንበኞቿን ስትሳደብ የሚሰማ ሰው ጠላቶቿ ይመስሉታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ፤ ጥሩሩን እንደ ክረምት ካፖርት ይመርጡታል። መስተዋት ፊት ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው፣ ሆዳቸውን ስበው።

«ፎቶ ልትነሳበት ነው ወይስ ልትመታበት?» ትላለች። «እጅህን አንሣ! ሰይፍ የያዝክ ሁን! አየህ? እጅጌው ብብትህን አራቆተው። በል አውልቅ።»

ከዚያም አጎንብሱ፣ ቁጭ በሉ፣ የራስ ቁራችሁን ድፉና በቀትር ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ቁሙበት ትላቸዋለች። የስፌቷም ብልሃት የራሷ ነው። ክር ያለፈበት መስመር ላይ ባዘቶው ስለሚጨፈለቅ፣ የውስጡንና የውጩን ድርብ ለየብቻ ሰፍታ መስመራቸው እንዳይገጥም አድርጋ ታነባብራቸዋለች። ጋሻ የማይደርስበት ጎን ላይ ደግሞ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ትጨምርበታለች።

በዚህ ዓመት ቪቶልድ አዲስ ደንብ አወጣ። በዚያ ዘመን መኪና ስላልነበረ፣ በእጅ ያልተሰፋ ልብስ ግንቡን አይረግጥም አለ። የታሪክ መምህር ነው፤ አንገቱ ላይ ማጉያ መነጽር አንጠልጥሎ ክር ሲቆጥር ይውላል። በማይታጠፍ ጣት መርፌ አይያዝም፤ ይህን እያወቀ ደንቡን አወጣው። ሉድካ አንጀቷ ያረረው በዚህ ነበር። በዚያች ከተማ ውስጥ የነበራትን አንድ ቦታ በአንድ ወረቀት ወሰደባት፤ አሁን ደግሞ የልጇን ጎን ሊጨምርበት ነው።

ከግንቡ በር ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ ተዋጊዎቹ ተሰልፈዋል። ቪቶልድ እያንዳንዱን ልብስ እያየ የወደደውን አንገትጌው ውስጥ በቀለም ያትምበታል። ያልታተመበት አይገጥምም። ዳግማራ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች፤ የለበሰችው ነጭ፣ ወገቡ የተጣበቀ፣ በእጅ በጥንቃቄ የተሰፋ ቆንጆ ልብስ ነው። እናቷን ስታይ ፊቷ ቀላ።

«እማ፣ እባክሽ እዚህ ነገር አታንሺ።»

«እጅሽን አንሺ።»

«እማ!»

«አንሺ አልኩሽ!»

ዳግማራ አነሣች። እጅጌው እስከ ክርኗ ተሳበ፤ ብብቷ ሥር አንዲት ቀጭን ጨርቅ ብቻ ቀረች። ሉድካ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘችው።

«አቶ ቪቶልድ፣ ይሄ ስንት ድርብ ነው?»

«ወይዘሮ ሉድካ፣ ይህ የተሠራው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ካለ ሥዕል ተቀድቶ ነው። ስፌቱን ይመልከቱ እስቲ።»

«ስንት ድርብ ነው ነው ያልኩዎት!»

«ሦስት» አለ ቪቶልድ መነጽሩን እየነካካ። «ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ቀጭን ነው።»

«ሥዕሉ ላይ ያለውን ሰው ማንም አይመታውም!»

ከሰልፉ ሳቅ ተሰማ። ሉድካ ግን አልሳቀችም። ዞር ብላ ለማታው ግብዣ ሥጋ የሚያዘጋጀውን ፌሌክን ጠራችው። ፌሌክ ከተማው ውስጥ ሥጋ ሻጭ ነው፤ የአሳማውን ግማሽ ጎን መንጠቆ ላይ ሰቅሎት ነበር።

«ፌሌክ፣ ያን ጎን ላልብሰው ነው።»

«የእኔ እመቤት፣ የራቱ ሥጋ እኮ ነው! ብርድ ብርድ አለው እንዴ?»

«ዝም በልና ያዝልኝ።»

ዳግማራን ቆንጆውን ልብስ አስወለቀቻትና ሥጋው ላይ ጠቅልላ አሰረችው። የልጇንም ሰይፍ አንሥታ ሰጠቻት። «ነገ አንቺን እንደሚመቱሽ አድርገሽ ምቺ» አለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ አመነታች፤ ኋላ ግን እሷም የእናቷ ልጅ ናትና ደሟ ፈላ። ከትከሻዋ አዙራ መታችው። ልብሱ ሲፈታ ሦስት የጎን አጥንት ተሰብሯል። ሉድካ ሥጋውን ገልብጣ ባልተመታው በኩል የራሷን አለበሰችው፤ ዳግማራም ሁለት ጊዜ መታችው። ፌሌክ በጣቶቹ አንድ በአንድ ዳሰሰና ቀና አለ።

«እነዚህ ደህና ናቸው። ራት ላይ እነዚህን ለእኔ።»

ቪቶልድ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። «የሞተ አሳማ ሰው አይደለም» አለ። «ደንብ ደንብ ነው። ዛሬ መኪና ካስገባን ነገ ዚፕ ይመጣል።»

ዳግማራ ሰይፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እንግዲያው እኔ አልገጥምም።»

ሉድካ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የልጇ ጎን ዳነ አይደል? ደስ አላላትም። እንዲያውም ይበልጥ ነደደች፤ በልጇም ጭምር። «ክረምቱን ሙሉ የሰፋሁልሽ ቁጭ ብለሽ እንድታዪ ነው?» አለቻት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በእንባዋም ተናደደች። የፈለገችው ልጇ እንድትተርፍ ብቻ አልነበረም። የሰፋችው ልብስ ሰው ፊት እንዲለበስ ፈልጋለች።

ወዲያው ሌላ ነገር መጣ። አራት ሆኖ የቀረበ ቡድን እንደተሸነፈ ነው የሚቆጠረው፤ ነገ የሚመጡት ደግሞ አምና ያሸነፏቸው ናቸው። ተዋጊዎቹ የስም ዝርዝሩን አዩ። ተጠባባቂ ተብሎ የተጻፈው ቪቶልድ ራሱ ነበር።

«በሉ አቶ ቪቶልድ፣ ይልበሱት እንጂ!» አለ ፌሌክ የተሰበረውን አጥንት በቢላዋ እየለየ። «ሦስት ድርብ ነው፤ ቀጭንም ነዎት፤ ልክ እንደ ሥዕሉ።»

ቪቶልድ ነጩን ልብስ አነሣ። ብብቱ ሥር ያለችውን ቀጭን ጨርቅ አያት። የሥጋውንም ጎን አየ። ልብሱን መልሶ አስቀመጠና ጠረጴዛውን ዞሮ ወደ ሉድካ ጠጋ አለ።

«ወይዘሮ ሉድካ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያንን ጥሩር ለነገ ብቻ ቢያውሱኝ? ከላይ መደረቢያ አደርግበታለሁ። ስፌቱ አይታይም።»

ሉድካ የምትመታው መሰላት። እጇን ጨበጠች፤ ያ ጣቷ ብቻ እንደ ተቀሰረ ቀረ።

«ማኅተም ሳይኖረው?» አለች ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ደንብ ደንብ ነው ብለዋል እኮ!»

 የተሰለፉት ሁሉ ወደ ቪቶልድ አዩ። ቪቶልድ በሰው ፊት ወደ ኋላ ማለት አፈረ፤ በሦስት ድርብ መግባቱን ደግሞ ፈራ። የጥሩሩን አንገትጌ ገለበጠ፣ ማኅተሙን ቀለም አስነካና ጠቅ አደረገው። «ለዚህ ጊዜ ብቻ» አለ።

ሉድካ ቀለሙ ሳይደርቅ ልብሱን ከእጁ መነጨቀችው።

«ዳግማራ፣ ነይ ልበሺ።»

«ወይዘሮ ሉድካ! ይሄ ማታለል ነው!»

«ማኅተሙ የማን ነው?» አለች። ልጇ እጆቿን ዘርግታ ለበሰች። ሉድካ ማሰሪያውን በዚያ በማይታጠፍ ጣቷ እየተንደፋደፈች ከታች ወደ ላይ ታስር ጀመር፤ ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም። እስከ መጨረሻው ማሰሪያ ድረስ ቁጣዋ አልበረደላትም። ጨርሳ ቀና ስትል «እርስዎ» ማለቱን ተወችው።

«ለልጄ ጎን እምቢ ያልከውን ለራስህ ጎን አተምከው፣ ቪቶልድ።»

 ዳግማራ ሰይፏን አነሣችና እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ብብቷ አልተራቆተም። ከሰልፉ ቀጣዩ የነበረው ጺማም ሰውዬም ወደ ጠረጴዛው ቀረበና በመኪና የተሰፋ ጥሩሩን ከከረጢቱ አውጥቶ ቪቶልድ ፊት ዘረጋው።