ሃያ ሁለት ላይ የቆመችው ጠቋሚ

ጋሽ ገብረዋሕድ ጎረቤቴ ናቸው። ገርጂ ላይ እኔ ጎማ እለጥፋለሁ፣ እሳቸው ፍሪጅ ይጠግናሉ። አሰብ ወደብ ሃያ ዓመት የዓሣ ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ ኖረው ነው ጦርነቱ ሲመጣ፣ በ1990፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ፍረወይኒ ጋር አንድ ሻንጣና የመፍቻ ሳጥናቸውን ይዘው እዚህ የገቡት። ሰውየውን እንድታውቋቸው ግን የጤና ጣቢያውን ቀን ልንገራችሁ፤ የአየር መምጠጫውን ፓምፕ በጋሪ ገፍቼ የወሰድኩት እኔ ነኛ።

ገርጂ ከገቡ ሁለት ሳምንታቸው ነበር። የጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ሞተር ተቃጥሎ ጠዋት ጋሼ ቀየሩት። ክትባቱ በረዶ ሳጥን ውስጥ ነው። ነርሷ ሲስተር ፈሂማ፣ «በረዶው እስከ አሥር ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የሦስት መቶ ልጅ የኩፍኝ ክትባት ይጣላል» አለቻቸው።

ሞተር ሲቀየር ቧንቧው ውስጥ እርጥበት ይገባል። ጠብታ ከቀረች ፀጉር በምታህለው ቧንቧ ውስጥ በረዶ ሆና ትዘጋታለች፣ በቃ ፍሪጁ አይሠራም። ስለዚህ ፓምፑ አየሩን ይመጥጣል። አየሩ ሲያልቅ፣ ይሄ ነው እኔን የሚገርመኝ፣ ውሃው ሳይሞቅ ፈልቶ ተን ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ነው የሚያቀዘቅዘው ጋዝ የሚሞላው። ጋዙ ደግሞ የቀረው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሰብ እያሉ፣ ምን ያህል አየር እንደተመጠጠ የሚያሳየው የጌጁ ጠቋሚ ሃያ ስምንት ሳይደርስ ጋዝ ሞልተው አያውቁም። አሁን ሃያ ሁለት ላይ ቆመች። የፓምፑን ዘይት ቀየሩ። ሃያ ሁለት። ፈተው ገጠሙት። ሃያ ሁለት።

«ፓምፑ ደክሟል» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ውሃው እዚያው ውስጥ ነው ያለው።»

«እኔ ለእናቶቹ ምን ልበል?» አለች ሲስተር።

ሰባት ሰዓት ላይ እትዬ ፍረወይኒ የባቄላ ንፍሮ ይዘው መጡ። ጋሼ ቆረጠሙና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ጥሬ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሲፈላ ነው የዋለው። የዚህ አገር ውሃ ለመፍላት ይቸኩላል እንጂ ማብሰል አያውቅም። እንዳንተ ነው፣ ወሬ ብቻ።»

ጋሼ አልሳቁም። ማኘካቸውን ትተው ጠቋሚዋን አዩ።

«ቶሎ ነው የሚፈላው?»

«ነገርኩህ እኮ።»

«አሰብ ባሕሩ ዳር ነበርን፣ አየሩ ከላይ ይጫናል» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ ተራራ ላይ ነን፤ ውሃው ቶሎ የሚፈላው አየሩ ስለሳሳ ነው። አየሩ ራሱ ከሃያ ስምንት ካነሰስ? የሌለ አየር ከየት አምጥቼ ነው የምመጥጠው?»

«አቶ ገብረዋሕድ፣ በግምት ጋዙን ሊጨርሱት ነው?» አለች ሲስተር።

«አይ። ውሃውን ጠይቀን ነው። የጎማ ክዳን ያለው ባዶ የግሉኮስ ጠርሙስ አለሽ?»

ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ ከቧንቧ ቀዱ። ክዳኑን በወፍራም መርፌ ወጉና ከፓምፑ ጋር አገናኙት። ፓምፑ ተነሳ። ጠቋሚዋ ወጣች፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ። ውሃው ዝም ብሏል። ሃያ ሁለት ደረሰች። አሁንም ዝም። ከዚያ ከሥር አንዲት አረፋ ብቅ አለች፤ ሌላም ተከተለች፤ ወዲያው ውሃው እንደ ሻይ ይንተከተክ ጀመር።

ሲስተር ፈራ ተባ እያለች ጠርሙሱን ነካችው። «ቀዝቃዛ ነው» አለች።

«ፓምፑ ጤነኛ ነው» አሉ ጋሼ። «ያሳሳተኝ የአሰብ ቁጥር ነው፤ እዚህ ውሃውን ለማፍላት ሃያ ሁለት ይበቃል።»

ጠርሙሱን ነቅለው ፓምፑን ከፍሪጁ ጋር መልሰው አንድ ሰዓት ሙሉ አስመጠጡት፣ ከዚያ ያችን የመጨረሻ ጋዝ ለቀቁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። እርጥበት ከቀረ ቧንቧው አሁን ነው የሚዘጋው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ተሰባብሮ መንሳፈፍ ጀምሯል። ክትባቱ ከስምንት ዲግሪ በታች ይፈልጋል፤ ሲስተር በየአሥር ደቂቃው የፍሪጁን ቴርሞሜትር ታነባለች፦ አሥራ አራት፣ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ። በሚቀጥለውም ንባብ እዚያው ዘጠኝ።

ለአሥር ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል «ስድስት!» አለች። ክትባቱን እየቆጠረች አስገባችና በሩን ዘጋች። ጋሼ ወንበር ስበው ፍሪጁን ተደግፈው ተቀመጡ። «እስኪመሽ ድምፁን እሰማዋለሁ» አሉ። «እናንተ ሂዱ።»