ቤዝ ጊታሪስቱ የላካቸው ሽማግሌዎች

ባሕር ማዶ ዋይትሆል በሚባል ከተማ ልጄ ቤት ሳለሁ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ፊሊፒናዊ የሮክ ባንድ ቤዝ ጊታሪስት ነው። በሬ ጠምጄ ያሳደግኳትን ልጅ ለጊታር አልሰጥም ብዬ ቆርጫለሁ።

ሁለቱ ይለፈልፋሉ፤ ልጄ ታስተረጉማለች። ሰውዬው ማኒላ መጠጥ ቤት ውስጥ መጫወት ጀመረ፣ መርከብ ላይ ለመንገደኛ ሲጫወት ኖረ፣ አሁን ሂሊያርድ ከተማ ዌርሃውስ፣ ማለት የዕቃ መጋዘን፣ እየሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታል። ሦስተኛው ሽበታም ዝም ብሏል። እሱን ወደድኩት።

"ቤዝ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ከኋላ ያለው ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ አባባ። ብዙ ሰው አያስተውለውም" አለች ልጄ።

"ካላስተዋሉት ምን ያለፋዋል?"

ሁለቱ ሳቁ። ሽበታሙ አልሳቀም። ወደ እሱ ዞርኩ።

"እርስዎስ፣ ሴት ልጅ ቢኖርዎ ለዚህ ሰውዬ ይሰጡ ነበር?"

"አልሰጥም፤ የባንድ ሰው ቤት አይቀመጥም" አለ።

የላከውን የሚያማ ሽማግሌ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለልጄ፣ "እውነተኛ ሰው ይሄ ነው! የጠየቀሽ እሱ ቢሆን ዛሬውኑ እሰጥሽ ነበር" አልኳት።

ፈጥና ተረጎመችለት። ሽበታሙ ብድግ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

"ምን ሆኖ ነው?"

"አባባ፣ በእነሱ አገር ሙሽራው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመጣል።"