በአባዬ ተሳቢ ላይ የነበረው መጠባበቂያ ሲሊንደር

የጎረቤቴ የጋዝ ሲሊንደር ሊያልቅ ሲቃረብ፣ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ኩሽናዬ ይገባል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ የያዝኩትን ቢላዋ አስቀምጬ፣ እንደ ሞኝ ቆሜ አሸታለሁ፤ ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆንና፣ ሐዋሳ ምሥራቅ ካለው ግቢያችን በር ላይ ቆሜ፣ አባዬ ፒክአፑን ወደ ኋላ እያስጠጋ፣ እማዬ ደግሞ «ቀኝ ያዝ! ኧረ ቀኝ!» እያለች ተሳቢውን ሲያያይዙ አያለሁ።

አባዬ ሾፌር ነበር፤ እማዬ ደግሞ ምግብ አብሳይ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመስክ ትምህርት ወደ ጫካና ወደ ሐይቅ ዳር ሲወጡ፣ ድንኳኑን፣ ድስቱንና ምድጃውን በተሳቢ ጭነው ከኋላ የሚከተሉት እነሱ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔንም ይወስዱኝ ነበር። ልጆች ስለ አባቶቻቸው ሥራ ሲያወሩ እኔ «የእኛ ቤት ጎማ አለው» እል ነበር፤ ማንም አያምነኝም እንጂ።

ተሳቢው የተሠራው በአንድ ክረምት ነው። ያን ክረምት ዝናቡ ሲያባራ አባዬ እጄን ይዞ ወደ ብየዳ ቤት ይወስደኝና፣ ብልጭታውን እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያቆመኝ ነበር። እማዬ አንድ ቀን ምሳ ይዛ መጣች፤ ተሳቢውን ሁለት ጊዜ ዞራ አየችና «ሲሊንደሮቹ የት ነው የሚቆሙት?» ብላ ጠየቀች። አባዬ እንደ ከረጢት ይጋደማሉ ብሎ ነበር ያሰበው። እማዬ ግን ከዚያ በፊት በነበረ ጉዞ የተጋደመ ሲሊንደር እየተንከባለለ ድስቶቿን ሲጨፈልቅ አይታለች፤ መዝጊያው ከብረት ጋር ሲጋጭ የሰማችውን ድምፅም አልረሳችም። ስለዚህ በያጁ ከተሳቢው የፊት ግድግዳ ላይ ሦስት ክብ ቀለበቶች በየደ፤ ሁለቱ ለሥራ ሲሊንደሮች፣ አንዱ ለመጠባበቂያው። ሲሊንደሮቹ በቀለበቱ ውስጥ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ በሰንሰለት ይታሰራሉ፣ የጄኔሬተሩ ቤንዚን ያለበት ጀሪካን ደግሞ ከእነሱ ርቆ ተሳቢው ጭራ ላይ ይቀመጣል። ሸራው ከላይ ለጥላ ይዘረጋል እንጂ ጎኑ አይዘጋም። «ነፋስ ይለፍበት» ትል ነበር እማዬ፣ ስለ ሕፃን አልጋ የምታወራ ይመስል።

ለምን ነፋስ ይለፍበት? ለምን ይቁም? ውስጡ ያለው አየር ነው ወይስ ውሃ? አባዬ ሁለት ጥያቄ ይመልስና በሦስተኛው «ነስሩን ጠይቂው» ይለኝ ነበር።

ጋሽ ነስሩ ከስልጤ የመጣ፣ ከገበያው ጀርባ ጋዝና ምድጃ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። መስከረም ብቶ ጭቃው ሲደርቅ ሲሊንደር ልናስሞላ እንሄዳለን፤ እሱም ለእኔ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን አቅርቦ፣ እንደ ትልቅ ደንበኛ አስቀምጦ ያጫውተኝ ነበር። አንድ ቀን ሲሊንደሩን ወዘወዘና ጆሮዬን አስጠጋኝ፤ ውስጡ ይንቦጫቦጫል።

«ፈሳሽ ነው እንዴ?»

«ውስጥ ሆኖ ፈሳሽ ነው፤ ሲወጣ አየር ይሆናል።»

«የሚሸተውስ?»

ጋሽ ነስሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋዝ የራሱ ሽታ የለውም። ሰው ሳያውቀው እንዳይገድለው ብለው ነው ሽታ የጨመሩበት። ሌላ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጥግ ላይ ይተኛል።»

ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ እሱኑ ሳሰላስል ሄድኩ። የማይታይ ነገር፣ የሌላ ነገር ሽታ ተውሶ፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል! ጋሽ ነስሩን አምኜዋለሁ፤ ግን ራሴ ማየት፣ ማለትም ማሽተት ፈለግሁ።

በጋው የቡሹሎ ነበር፤ ቡሹሎ ለከተማው ቅርብ ስለሆነች፣ ትምህርት ቤት ባይዘጋም ቅዳሜና እሁድ እኔንም ይወስዱኝ ነበር። ዓሣ የሚያጠኑ ተማሪዎች ሐይቁ ዳር ድንኳን ይተክላሉ፤ እማዬ በየጠዋቱ ምድጃውን ከመለኮሷ በፊት በጣሳ የሳሙና አረፋ መትታ፣ የቱቦውን መጋጠሚያ በስፖንጅ ትቀባለች፤ አረፋው ካልተነፋ ክብሪት ትጭራለች። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ አረፋው እንዲነፋ በልቤ እየተመኘሁ አያለሁ። አንድም ቀን አልተነፋም። በጋው እንዲሁ አለቀ።

በበልጉ ዝናብ፣ ለፋሲካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወደ ዶዶላ ተራሮች የሚሄድ ጉዞ መጣ። በጠዋት ተማሪዎቹ በአውቶቡስ ቀድመው ወጡ፤ እኛ ጋ የሚሳፈረው መምህራቸው ነበር፤ ረጅም፣ የተከበረ፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው። አባዬ ሦስቱንም ሲሊንደሮች በአረፋ ፈትሾ፣ አስሮ፣ መምህሩን ሊያመጣ በእግሩ ወደ አስፋልቱ ሄደ። እማዬ ቤት ትቆልፋለች። ተሳቢው ላይ ወጣሁ።

የመጠባበቂያውን ቆብ አነሣሁ፤ መዝጊያውን በሁለት እጄ ጥቂት አዞርኩት። ፊሽ አለ። አፍንጫዬን ከላይ አደረግሁ፤ ከዚያ ተንበርክኬ ወደ ተሳቢው ወለል ዝቅ አልኩ። እውነት ነው! ታች ይብሳል! ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ሳለ የእማዬን ኮቴ ሰማሁና፣ መዝጊያውን መልሼ ጠምዝዤ፣ ቆቡን ደፍቼ ዘለልኩ። ድምፁ ጠፍቶ ነበር። በደንብ ዘግቼዋለሁ ብዬ ነበር።

ሻሸመኔን አልፈን ወደ ኮፈሌ አቀበት ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። መምህሩ ከፊት፣ እኔና እማዬ ከኋላ ነበርን፤ በብርዱ ምክንያት መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ከኋላ ብረት ሲጮህ ሰማን። አባዬ አቁሞ ወረደ፤ የመጠባበቂያው ቀለበት ብየዳው ለቆ፣ ሲሊንደሩ በሰንሰለቱ ብቻ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

መምህሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ታደሰ፣ ምን ያስጨንቅሃል? እዚህ ውስጥ አስገባው» አለ። «ከእነ ወይዘሮ ብዙነሽ እግር ሥር ይቀመጥ። ተማሪዎቹ ሳይመሽ ድንኳን መትከል አለባቸው።»

አባዬ ዝናብ ከፊቱ እየጠረገ እማዬን አያት። ሊያስገባው ነበር፤ መምህሩን እንቢ ብሎ አያውቅም፤ ሥራችንም ያለው በእሱ እጅ ነው።

«አይገባም» አለች እማዬ።

«ሙሉ ነው፣ ታሽጓል፣ ምን ይሆናል?» አለ መምህሩ። «የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።»

 እማዬ በሩን ከፍታ ወረደች፤ እኔንም በክንዴ ይዛ አወረደችኝ። ዝናቡ ሻሿን አርሶ ፊቷ ላይ ሲለጥፈው አያለሁ። «እርስዎን አክብሬ ነው፣ መምህር» አለች፤ «ሲሊንደሩ ከገባ እኔና ልጄ እዚሁ እንቀራለን። ሌላ መኪና እንለምናለን።»

ጠዋት ምን እንዳደረግሁ መረዳት የጀመርኩት እዚያ ነው። መዝጊያውን የመለስኩት ወደ ቀኝ ነበር ወይስ ወደ ግራ? እስከ መጨረሻው ዞሮ ነበር? ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የመምህሩን የተቆጣ ፊት አየሁና መልሼ ዘጋሁት። እማዬ እጄን አጥብቃ እንደያዘች ነበር።

 አባዬ ከመቀመጫው ሥር፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ረጅም ላስቲክ አወጣና፣ ሲሊንደሩን አቁሞ ከተሳቢው ግድግዳ ጋር ጠፍንጎ አሰረው፤ በሁለቱም በኩል የሽንኩርት ከረጢት አስደገፈው። 

የምንሰፍርበት ቦታ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ፀሐይም ገና አልጠለቀችም። አባዬ ሸራውን ሲገልጥ ባለበት ደርቆ ቀረ። ሽታው እኔም ጋ ደረሰ። መምህሩ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ክብሪት አውጥቶ ነበር።

«ክብሪቱን ይተዉት!» ብሎ ጮኸ አባዬ። በሕይወቴ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

እማዬ አረፋውን መትታ መጣች፤ መዝጊያው ላይ ስትቀባው፣ በጋውን ሙሉ የተመኘሁት ነገር ዓይኔ እያየ ሆነ፤ አረፋው ትንሽ ትንሽ እየተነፋ፣ እየፈነዳ፣ እንደገና ይነፋል። አባዬ መዝጊያውን አጠበቀው፤ የአረፋው መነፋት ቆመ። መምህሩ ቀርቦ አየና፣ ወደ ፒክአፑ የተዘጉ መስኮቶች ተመለከተ። «ውስጥ ገብቶ ቢሆን…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ማታ እራት ሲቀርብ ሳህኑን ይዞ ከተማሪዎቹ ተነሥቶ መጥቶ፣ እማዬ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በላ።

አባዬ ግን ተቆጥቶ ነበር። «ጠዋት ፈትሼዋለሁ። ነስሩ መንገድ ላይ የሚላላ የተበላሸ ሲሊንደር ነው ያሸከመኝ። ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም፤ ለሾፌሮቹም ሁሉ እነግራለሁ» አለ። በአራቱም የጫካ ቀናት ያ ቃል ከእኔ ጋር ተኛ፣ ከእኔ ጋር ተነሣ።

ሐዋሳ ስንመለስ አባዬ እኔን አስከትሎ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ። ሲሊንደሩን ከጋሽ ነስሩ ፊት አስቀምጦ ሁሉንም ዘረገፈለት። ደንበኞች ቆመው ያዳምጣሉ። ጋሽ ነስሩ መዝጊያውን ከፍቶ ዘግቶ፣ ጨብጦ አየው። «ወላሂ ታደሰ፣ ይሄ ጤነኛ ነው። ስንት ዓመት ስንተዋወቅ ልጅህን የሚገድል ዕቃ እሰጥሃለሁ?» አለ።  የተገለበጠው ሣጥን ባዶውን ነበር፤ አልተቀመጥኩበትም።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለምን እንደከፈትኩ፣ እንዴት እንደተንበረከክሁ፣ የእማዬን ኮቴ እንደሰማሁ፣ እያለቀስኩ ተናገርኩ። አባዬ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ጠቆረ። «ነስሩ፣ በአላህ ይቅር በለኝ» አለና ራሱን ያዘ። ጋሽ ነስሩ ግን ከፊቴ ቁጢጥ ብሎ፣ በኮቱ እጅጌ ዓይኔን ጠረገልኝ።

«ታዲያ ምን አገኘሽ?» አለ። «ወረደ ወይስ ወጣ?»

«ወረደ።»

«እኔ ሰው ነግሮኝ ነው የማውቀው» አለ ጋሽ ነስሩ። «አንቺ አይተሻል። ሁለተኛ ግን እንዳታዪ።»

በክረምቱ ጉዞ አልወሰዱኝም፤ ቱላ ከምትኖረው አክስቴ ጋ ቀረሁ፤ ቅጣቴ እሱ ነበር። በሚቀጥለው በጋ ግን እማዬ ጣሳውንና ስፖንጁን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «ከእንግዲህ አረፋው ያንቺ ነው፤ አንቺ ካላየሽው መኪናው አይነሣም» አለችኝ። ጉዞ በተነሣ ቁጥር፣ ሻሸመኔ ላይም ምሳ በምንበላበትም እየወረድኩ፣ ሰንሰለቱን ጎትቼ፣ መዝጊያውን ዳስሼ እመለስ ነበር። መምህሩም ሞተር ከመነሣቱ በፊት ዞር ብሎ «እመቤት፣ ፈቃድ አለን?» ይለኝ ነበር።

አሁን አባዬ መንዳት አቁሟል፤ ተሳቢው ከተሸጠ ቆይቷል። ባለፈው ወር ከሻሸመኔ በሚኒባስ ስመለስ፣ አንድ ሰውዬ ሙሉ ሲሊንደር አጋድሞ ከኋላ ወንበር ሥር አስገባ። ሁሉም ይቸኩላል፤ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። እኔ፣ ያንን ሁሉ የማውቀው ሰው፣ በር አጠገብ ወዳለው ወንበር ተዛወርኩና መስኮት ከፈትኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። በሰላም ደረስን።

ለእማዬ ነገርኳት። ደጅ ወንበሯ ላይ ሆና እግሯን በቅባት እያሸች አዳመጠችኝ። ያን ቀን ኮፈሌ ላይ፣ ምንም አይሆንም የሚላትን ያን ትልቅ ሰው እንዴት ደፍራ እንደተናገረች ጠየቅኋት። ለእኔ በዝናቡ ውስጥ የቆመችው ሴት ፍርሃት የማታውቅ ነበረች።

«ማን? እኔ?» ብላ ሳቀች። «መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ልናገረው ሞከርኩ እኮ፤ 'አይገባም' ካልኩ በኋላ ምላሴ ተሳሰረ። የወረድኩት ቃል ስላጣሁ ነው፤ ቃሉ የመጣልኝ ዝናቡ ላይ ስቆም ነው።»

ያኔ እሷ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ዛሬ ያኔ ከነበረችው በሁለት ዓመት እበልጣለሁ፣ ቃልም ሞልቶኛል፤ ከሚኒባሱ ግን አልወረድኩም። ቅባቱን ከእጇ ተቀብዬ ሌላኛውን እግሯን ማሸት ጀመርኩ።