ስድስት ዓመት ያልተበላ ቆጮ

ሃሊማን በቅርብ አውቃታለሁ ብል እዋሻለሁ። ቡታጅራ ገበያ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ይህንንም ያወራችልኝ ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ ነው።

ባሏ ሙዝደሊፋ ክፉ ሰው አይደለም። አይማታም፣ አያባክንም። ግን ዛሬ የሚባል ቀን አያውቅም። ዝናብ ሲጥል የሚመጣውን ድርቅ ያስባል፤ ልጅ ሲወለድ የሠርጉን ድግስ። ከስድስት ዓመት በፊት እሷ እንሰቱን ፍቃ ጓሮ የቀበረችውን ቆጮ «ለክፉ ቀን ነው» ብሎ እንዳይነካ አደረገ። እሷ ግን በየጥቂት ወሩ ጉድጓዱን ትከፍታለች፣ የበሰበሰውን ቅጠል አውጥታ ትኩስ ታለብሳለች፣ መልሳ ድንጋይ ትጭናለች። ለምሳ የሚሆነውን ከገበያ ትገዛለች።

አምና በአረፋ እናቷ ከድጄ ታመው እሷ ቤት ተኝተው ነበር።

«ከዚያ ከቆየው ትንሽ አቅምሱኝ» አሉ።

ሙዝደሊፋ እጃቸውን ሳመ። «ለከርሞ አረፋ፣ እናቴ፣ ኢንሻአላህ። ያኔ ይበልጥ ይጣፍጣል።»

ከድጄ ሳቅ አሉ። «ከርሞ የኔ ናት እንዴ፣ ልጄ?»

በሦስተኛው ወር ተቀበሩ።

ዘንድሮ አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ሃሊማ የጉድጓዱን ነገር አነሳች።

«የሰፈሩ እንሰት እየጠወለገ ነው» አላት። «በሽታ ገብቷል። ይቆይ፣ ለከርሞ...»

«እናቴንም ለከርሞ ብለሃት ነበር።»

«ሞቷን እኔ አላመጣሁት።»

«አንተ መቼ ምን አምጥተህ ታውቃለህ። ማስቀመጥ ነው እንጂ።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። ድንጋዮቹን እያነሳች ወደ አጥሩ ወረወረች። ቅጠሉን ገልጣ በሁለት እጇ እየዛቀች ገበቴውን ትሞላ ጀመር። ከባሏ ይልቅ በራሷ ተቃጥላለች፤ ያን ጊዜ እሱ መስጊድ ደርሶ እስኪመለስ አንድ እፍኝ አውጥታ ለእናቷ መጋገር ትችል ነበር። ቅጠል ስትቀይር እጇ ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ውስጥ ነበር። ማን ያዛት?

ጎረቤቷ ሰልሚያ በአጥሩ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ሃሊማ፣ ሙዝደሊፋ ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ይኸው ቆሞ ያያል።»

እውነትም በሩ ላይ ቆሟል። ሰልሚያ ሳቋን ውጣ ዞር አለች። እሱ ወደ ጉድጓዱ ቀረብ ብሎ የጎደለውን አየ፤ ድምፁ እንደ መለማመጥ ነበር።

«ክፉ ቀን ቢመጣስ? ያኔ ምን ልንበላ ነው፣ ሃሊማ?»

ሃሊማ ቀና ብላ አየችው።

«እሱን ጥያቄ አልመልስልህም፤ ዛሬ የምጋግረው አለኝ» አለችና ገበቴውን ተሸክማ ወደ ማድቤት ገባች።